ጋኑ ምን ይላል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል)

የዛሬው ዝግጅታችን ጓዳ ውስጥ፣ ጋን አጠገብ ነው። ማኅበር ደርሶባችሁ ወይም የልጅ ሰርግ ቀን ተቆርጦ፣ ብቅሉን አብቅላችሁ፣ ጌሾውን ወቅጣችሁ፣ እንግዳው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ጋኑን ከፍታችሁ ስትቀምሱ ፊታችሁ የተጨማደደበት ጊዜ ካለ ይህ ዝግጅት ለእናንተ ነው። ጠላው ኮምጥጧል፤ ወይ እንደ ሬት መሯል፤ ወይ ደግሞ ጭራሽ አልፈላም፣ ውሃና ዱቄት ሆኖ ቁጭ ብሏል። እህሉ ወጥቷል፣ እንጨቱ ነዷል፣ ጉልበቱ አልቋል። ያን ጊዜ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ማብራሪያ ብዙ ነው። አንዷ "ዓይን በላው" ትላለች፣ ሌላዋ "እጇ ለጠላ አይሆንም" ትላለች፣ ቀኑን የሚያማርርም አይጠፋም።

እኔ ግን ዛሬ አንድ ነገር አጥብቄ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ጠላ የሚበላሽበት ቀንና መበላሸቱ የሚታወቅበት ቀን አንድ አይደለም። ዛሬ ምላሳችሁን የቆነጠጠው ኮምጣጣ ምናልባት ከሁለት ሳምንት በፊት ጋኑ ሲታጠብ የገባ ነው። አልፈላም ብላችሁ የተጨነቃችሁበት ድፍድፍ የታመመው ምናልባት ብቅሉ በደረቀበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጋኑን ከፍቶ ስኳር መጨመር፣ ጌሾ መነስነስ፣ ውሃ መከለስ ከመጀመራችን በፊት ቀኖቹን ወደ ኋላ መቁጠር አለብን። እህል እንዲህ በተወደደበት ጊዜ አንድ ጋን ጠላ መድፋት ቀላል ነገር አይደለም፤ ምክንያቱን ሳያውቁ መድፋት ደግሞ የሚቀጥለውንም አብሮ መድፋት ነው።

መንገዱን እንዳንስት ሥራውን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። አገሩ ሰፊ ነው፤ የጎንደሩ ከሸዋው፣ የጎጃሙ ከወሎው ይለያል። መሠረቱ ግን ይቀራረባል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል። ከዚያ ጥንስስ ይጠነሰሳል፤ የጌሾ ዱቄት፣ ትንሽ ብቅልና ውሃ ማለት ነው። ጥንስሱ ጥቂት ቀን ሲሰነብት አሻሮው፣ የተቆላው እህል ማለት ነው፣ ተፈጭቶ እንኩሮ ይሆናል፣ ወይም ቂጣ ይጋገራል፤ ከቀሪው ብቅል ጋር ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ሲደርስ ውሃ ይሞላበታል፣ ይከደናል፣ ይጠልላል።

በዚህ ሁሉ መካከል ጋኑ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? እህል ውስጥ ያለውን ስታርች እርሾ አይበላውም። ብቅሉ ሲጎነቁል ኢንዛይም የሚባሉ ነገሮች ይፈጠሩበታል፤ እነሱ ስታርቹን እየቆራረጡ ስኳር ያደርጉታል። እርሾው ደግሞ ስኳሩን እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ብቅሉ ይቆርሳል፣ እርሾው ይጎርሳል፤ እንዲህ ብላችሁ ያዙት። ከእነሱ ጎን ሳይጠሩ የሚመጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ወዳጅ፣ አንዳንዶቹ ጠላት ናቸው። አብዛኛው የጠላ ችግር ከእነዚህ ከአንዱ ይነሳል። ወይ የሚቆርሰው ደክሟል፣ ወይ የሚጎርሰው ሞቷል፣ ወይ ደግሞ ያልተጠራው እንግዳ በዝቷል።

አሁን አልፈላም ወዳለው ጠላ እንሂድ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ቤታችን የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ደረሰ። እናቴ ገበያ ስትወጣ እንኩሮውን ለእኔ ተወችልኝ። ዱቄቱን ውሃ እያርከፈከፍኩ ምጣዱ ላይ አማሰልኩ፣ አበሰልኩ፤ ከዚያ እንፋሎቱ እየወጣ በሰፌድ አፍሼ በቀጥታ ጥንስሱ ላይ ገለበጥኩት። ቶሎ በመጨረሴ ኮርቼ ነበር። በማግስቱ ጋኑ ዝም አለ። በሦስተኛውም ቀን ዝም። እናቴ ጆሮዋን ጋኑ ሆድ ላይ ጥላ ብዙ ቆየች። ቀና አለችና "እንኩሮው ሲገባ ምን ያህል ይሞቅ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እማዬ፣ ትኩስ ነበር" አልኳት።

"እንኩሮ ሲባል እጅሽን ታጥበሽ መሀሉ ሰክተሽ እስከ አሥር ትቆጥሪያለሽ። ሳታወጪው አሥር ከደረሰ ይገባል። ካስወጣሽ ይቆያል" አለችኝ።

ልብ በሉ፤ ጋኑ ላይ ስለሚታየው ነገር አንድም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችው ስለ ሌላ ቀን ነው። ዛሬ ሳስበው የአሥር ቆጠራዋ ልክ ነበር። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሙቀቱ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይሞታል። የሰው እጅም እዚያ ላይ ብዙ አይቆይም። እንኩሮ ደግሞ አታላይ ነው፤ ላዩ ቀዝቅዞ መሀሉ እሳት እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ ክምር አድርጎ ከመተው በንጹሕ ሰፌድ ወይም ጨርቅ ላይ በትኖ ማቀዝቀዝ ይሻላል። መለኪያ ከፈለጋችሁ ለሕፃን ገላ ከምታዘጋጁት ውሃ የሚበልጥ ሙቀት ጥንስስ ላይ እንዳይደርስ።

ብርድም ጋኑን ዝም ያሰኛል፤ ግን አይገድልም፣ ያስተኛል እንጂ። የጠላ እርሾ የሚመቸው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ባሕር ዳር ያለች እህቷ "በሦስት ቀን ይደርሳል" ያለቻትን የደብረ ብርሃኗ እመቤት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብትጠብቅ አይሆንላትም። ቀን የሚቆጠረው በአገሩ አየር ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጋኑን ከቀዝቃዛው ሊሾ አንስቶ ጭድ ወይም ጆንያ ላይ ማስቀመጥ፣ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ምድጃው ወዳለበት ክፍል ማስጠጋት። በማግስቱ ይነቃል።

ሌላው ምክንያት የዘመኑ ነው። በፕላስቲክ በርሜል የሚጠምቅ ሰው በርሜሉን በበረኪና አጥቦ በደንብ ሳያለቀልቀው ጥንስሱን ይጠነስሳል። በረኪና የተሠራው ለመግደል ነው፤ መጥፎውንና ጥሩውን አይለይም። በበረኪና ካጠባችሁ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ ከዚያም ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ ገልብጣችሁ አድርቁ። አፍንጫችሁን በርሜሉ ውስጥ አስገቡ፤ ከሸተታችሁ እርሾውንም ይሸተዋል።

ዝም ያለ ጋን ይድናል ወይ? ሁለት ቀን ካላለፈው ይድናል። ከጎረቤት በደንብ የሚፈላ ድፍድፍ አንድ ጣሳ ተውሳችሁ ጨምሩበት። ጎረቤት ካልጠመቀ የዳቦ እርሾም ይሆናል፤ የዳቦ እርሾና ጠላን የሚያፈላው ዋናው እርሾ ዝርያቸው አንድ ነው። አንድ ማንኪያ እርሾ ለብ ባለ ውሃ በትንሽ ስኳር አርጥባችሁ፣ አረፋ ሲያወጣ ጋኑ ውስጥ ጨምሩ። ነገር ግን ሦስት አራት ቀን ዝም ብሎ ቆይቶ ሽታው ወደ ብስባሽ ካዘነበለ፣ ዝልግልግ ካለም፣ አታድኑት። ጤነኛ ጠላን የሚጠብቁት አሲዱና አልኮሉ ናቸው፤ ያልፈላ ድፍድፍ ሁለቱም የሉትም፣ ስለዚህ ለመጥፎ ባክቴሪያ የተከፈተ ቤት ነው።

ብቅሉ ሞቶ እንደሆነስ እንዴት ይታወቃል? ይህን ሙከራ ከልባችሁ እንድትሠሩት እለምናችኋለሁ፤ አንድ ጋን ጠላ ከመክሰር ያድናል። ትንሽ ወፈር ያለ አጥሚት ሥሩ፣ ማንኪያ ሲነሳ ከማንኪያው ላይ የማይወርድ። ከእሳት አውርዱትና እንፋሎቱ እስኪበርድ፣ ግን ሞቅ እንዳለ፣ ጠብቁ። አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉ፤ ክደኑትና ለ20 ደቂቃ ያህል ተዉት። ብቅሉ ሕያው ከሆነ ያ ማንኪያ ላይ ተጣብቆ የነበረ አጥሚት ቀጥኖ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ስትቀምሱትም ስኳር ሳይገባበት ይጣፍጣል። ዓይናችሁ እያየ ስታርቹ ተቆረሰ ማለት ነው። አጥሚቱ እንደነበረ ከቆየ ብቅሉ እንደ ተራ ዱቄት ነው፤ ጠላ አያወጣም።

ብቅል የሚሞተው ብዙ ጊዜ በችኮላ ነው። ገብሱ አንድ ቀን ተዘፍዝፎ፣ በኮባ ቅጠል ወይም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ሥሩ ወጥቶ እርስ በርሱ ሲያያዝ ሦስት አራት ቀን ይሆነዋል። አንዳንዱ ነጭ ጫፍ ብቅ እንዳለ ያወጣዋል፤ ኢንዛይሙ ገና አልበቃም። ሌላው ደግሞ ዝናብ ስለመጣ ምጣድ ላይ ያምሰዋል። አሻሮ ይቆላል፣ ብቅል አይቆላም፤ የተቆላ ብቅል ቀለምና መዓዛ እንጂ ጉልበት የለውም። በፀሐይ ወይም ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ስስ አድርጎ ማድረቅ ነው።

ብቅል ሲነሳ ስለ ሻጋታ ካልተናገርኩ እረፍት አይሰማኝም። ሲበቅል ሳይገላበጥ የቆየ፣ እርጥብ እያለ የታሰረ ብቅል አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ቢጫ ሻጋታ ያወጣል። "ሲፈላ ይጠፋል" የሚሉ አሉ። አይጠፋም። አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋሉ፤ ይህ መርዝ ጉበት የሚጎዳ ነው፣ ምጣድም መፍላትም አያጠፋውም። የሻገተ ብቅል ታጥቦ፣ ተለቅሞ፣ ፀሐይ መቶት አይድንም። ለከብትም አይሰጥ። እህሉ ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ ግን ይጣል።

(አጭር የክራር ድምፅ)

አሁን ብዙ ሰው ወደሚያማርርበት ወደ መኮምጠጥ እንምጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ጠላ ትንሽ መኮምጠጡ ደንብ ነው። ሁለት ዓይነት ኮምጣጣ አለ። አንደኛው ለስለስ ያለ፣ የእርጎንና የእንጀራን የሚመስል፣ ምላስ ላይ የሚቀር ነው፤ ላክቲክ አሲድ ይባላል፣ እርጎም ውስጥ ያለው እሱው ነው። ይህን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ገና ከጥንስሱ ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ አሲዳቸው መጥፎዎቹን ስለሚያባርር ውለታ ይሠሩልናል። ሁለተኛው አፍንጫ የሚወጋ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ነው፤ ሰላጣ ላይ የምናደርገው አቼቶ ማለት ነው። ጠላው እንደኮመጠጠባችሁ ጣሳውን አፋችሁ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት አሽትቱት። አፍንጫችሁ ካልተወጋ ችግሩ ከጌሾ ማነስ ወይም ከሙቀት መብዛት ነው። አፍንጫችሁ ከተወጋ አየር ገብቷል።

አቼቶ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች አየር ይፈልጋሉ። አልኮሉን በአየር አማካይነት ወደ አሲድ ይለውጡታል። አየር ከሌለ ሥራቸው ይቆማል። ጠላው እየፈላ ሳለ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ አየሩን ገፍቶ ስለሚያስወጣ ጋኑ ራሱን ይጠብቃል። አደጋው የሚመጣው መፍላቱ ካቆመ በኋላ ነው። ማኅበሩ አልፎ ግማሽ ጋን ጠላ ቀረ እንበል። ባዶው ግማሽ በአየር ተሞላ። በየቀኑ ክዳኑ ይነሳል፣ ጣሳ ይጠለቃል፣ ትንኟም ትከተላለች። ያቺ ጠላና የበሰለ ፍሬ ላይ የምታንዣብብ ትንሽ ትንኝ እግሯ ላይ የአቼቶውን ባክቴሪያ ይዛ ትዞራለች። በሦስት በአራት ቀን ጠላው ይወጋል። እንግዲህ ይህ ጠላ የተበላሸው በአጠማመቁ አይደለም፤ በአቀዳዱ ነው። የጠመቀችው እጅ ያለ ጥፋቷ ትወቀሳለች።

ስለዚህ ጋኑ ሲጎድል የቀረውን ወደ እንስራ ወይም ወደ ማሰሮ አዛውሩት፤ እስከ አፉ የሞላ ትንሽ ዕቃ ከግማሽ ጋን ይሻላል። የጠጡበትን ጣሳ መልሶ ጋን ውስጥ መንከር ፈጽሞ ይቅር፤ አንድ ንጹሕ መቅጃ ለብቻው ይኑር። አፉ በጥብቅ በተሸመነ ንጹሕ ጨርቅ ይታሰር። አንዴ የኮመጠጠው ግን ወደ ኋላ አይመለስም። ስኳር ብትጨምሩ ምላስን ለአንድ ቀን ይሸነግላል፣ እርሾውንም ይቀሰቅሳል፤ አሲዱ ግን እዚያው ነው። አመድና የመጋገሪያ ሶዳ የሚጨምሩም አሉ፤ ጣዕሙን ይገድላሉ፣ የሚጠብቀውንም አሲድ ያጠፋሉ።

ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ይህን የመጠጥ መበላሸት ጉዳይ በአጉሊ መነጽር ነበር የተከታተለው። እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ የቢራ በሽታ የሚባለው ሁሉ ከውጭ ከሚገቡ ጥቃቅን ሕያዋን እንደሚመጣ አሳየ፤ ከአየር፣ ከዕቃ፣ ከንጽሕና ጉድለት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1883፣ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የተባለ ዴንማርካዊ ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ አንድ የእርሾ ዘር ብቻ ለይቶ አሳደገ። አብዛኞቹ የቢራ ፋብሪካዎች ከዚያ ወዲህ በአንድ ዘር እርሾ ይጠምቃሉ። የእኛ ጋን እንዲያ አይደለም፤ ከጌሾው ቅጠል፣ ከእህሉ፣ ከጋኑ ግድግዳ የሚመጡ ብዙ ዓይነቶች ይኖሩበታል። የጠላችን መልክና ጣዕም ከቤት ቤት መለያየቱም ከዚህ ነው፤ እኔ ይህን እንደ ሀብት እንጂ እንደ ጉድለት አላየውም። ብቻ ብዙ ሰው ባለበት ቤት ሥርዓት እንደሚያስፈልግ ሁሉ እዚህም ያስፈልጋል።

ሥርዓት አስከባሪዎቹ ጌሾና ጭስ ናቸው። ጌሾ ለጠላ፣ የፈረንጅ ቢራ ውስጥ ያለችው ሆፕ የምትባል አበባ የምትሠራውን ሥራ ይሠራል፤ ምሬት ይሰጣል፣ የሚያኮመጥጡትን ባክቴሪያዎችም ልክ ያስይዛል። ጌሾ ያነሰው ጠላ ሲከፈት ጣፋጭ ነው፣ ሳምንት ሳይሞላው ግን ይኮመጥጣል። ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላ፣ ጠረኑ የጠፋ አሮጌ ጌሾም እንዳነሰ ይቆጠራል። ገበያ ላይ ጨብጣችሁ እሹት፤ መዳፋችሁ ላይ አረንጓዴ አቧራና ጠንካራ ሽታ ካልተወ አትግዙት። ወይራውም ቢሆን ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ ጋኑ የሸክላ ስለሆነ ቀዳዳ ብዙ ነው፣ ውሃ የማይደርስበት ሁሉ ጭስ ይደርስበታል። ሲታጠን ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ጋን ሲታጠን ጭሱ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና ጠላው ጥላሸት ጥላሸት ይላል።

የመረረ ጠላ ከኮመጠጠው ይልቅ ተስፋ አለው። ጌሾ በዝቶበት ከሆነ ከሌላ ለስላሳ ጠላ ጋር መደባለቅ ይቻላል፤ ወይም ጌሾ ያልገባበት እንኩሮና ብቅል ጨምሮ እንደገና ማፍላት። ምሬቱ ግን ሁልጊዜ የጌሾ አይደለም። አፋችሁን አድርቆ ወደ ከሰል የሚሄድ ምሬት ከሆነ አሻሮው ወይም ቂጣው አርሯል። ለዚህ መድኃኒት የለም። ጥቁር ጠላ የሚወድ ሰው አሻሮውን ጠቆር ያድርግ፤ እስኪጨስ ግን አያድርስ።

ቀጥኖ፣ ጉልበት አጥቶ ለወጣ ጠላ ረዥም ምርመራ አያሻውም። ወይ ብቅሉ ደካማ ነው፣ እሱን በአጥሚቱ ፈትናችሁታል፤ ወይ ድፍድፉ ሳይደርስ ውሃ ተሞልቷል፤ ወይ ውሃው በዝቷል። ተራ ጠላ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ ያህል አልኮል አለው፤ ፊልተር የሚባለው ከዚያ ከፍ ይላል። ጉልበት የሚመጣው ከእህሉ ነው። "ይጠንክር" ብሎ አረቄ መደባለቅ፣ ይባስ ብሎ ሌላ ባዕድ ነገር መጨመር የሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ነው። አተላው ላይ ዳግም የሚሞላው ሁለተኛው ውሃ ቅራሪ ነው፤ ቅራሪ ብላችሁ ስጡት፣ ክብር አለው። እርጉዝ ሴትና ሕፃን ግን ቅራሪም ቢሆን አይቅመሱ፤ አልኮል አለበት።

ስለ ዕቃ ሁለት ነገር። ኬሚካል ተጭኖበት የነበረ በርሜል በምንም ዓይነት ዕጥበት ለመጠጥ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ይመጠዋል። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ባልዲና በርሜልም አይሁን፤ የጠላው አሲድ ዚንኩን ያሟሟውና ጠጪውን ያስታውካል፣ ሆዱን ያመዋል። ውሃውንም አትርሱ። ክሎሪን የሚሸት የቧንቧ ውሃ ከጋኑ ጭስ ጋር ሲገናኝ የሐኪም ቤት መድኃኒት የሚመስል ጠረን ያመጣል፤ ብዙ ሰው "ጋኑ ነው" ብሎ ጋኑን ይጥላል። ውሃውን ከአንድ ቀን በፊት ቀድታችሁ አፉን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት፣ ወይም አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። አሜሪካ ሆናችሁ የምትሰሙን ደግሞ፣ ዋሽንግተንን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ውሃው የሚታከመው ክሎራሚን በሚባል ነገር ነው፤ እሱ አድሮ አይተንም፣ የከሰል ማጣሪያ ያስፈልገዋል። እዚያ ጌሾው፣ ብቅሉ ሁሉ ተገኝቶ ጠላው የአገር ቤቱን ጠረን እምቢ ያለባችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

አንድ የሚያስፈራኝን ነገር ላንሳ። ጠላ በጀሪካን ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ መኪና ላይ ጭነው ለዘመድ የሚልኩ አሉ። ገና እየፈላ ያለ ጠላ ውስጥ የቀረ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 4 ግራም ያህል፣ ሲፈላ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ያወጣል። አንድ ማንኪያ ብቻ! ጀሪካኑ ሆዱ ያብጣል፣ ክዳኑ ሲላላ ጠላው ጣሪያ ይመታል። ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ ይፈነዳል፣ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። ያልጠለለ ጠላ በጠርሙስ አይታሸግ። በጀሪካን መላክ ግድ ከሆነ አይሙላ፣ ክዳኑም ይላላ፤ ጀሪካኑ ይቁም እንጂ አይተኛ።

ታዲያ መፍላቱን መጨረሱ በምን ይታወቃል? ቀን አትቁጠሩ፤ ሁለት ምልክት እዩ። አንደኛው ገፈቱ ነው። ጠላው ሲፈላ ጋዙ ገለባውንና ዱቄቱን ተሸክሞ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ወፍራም ገፈት ሆኖ ይንሳፈፋል። ጋዙ ሲያልቅ ተሸካሚ የለውምና ይሰምጣል። ገፈቱ ሳይሰምጥ የተቀዳው ጉሽ ነው፤ እርሾው ገና ሥራ ላይ ነው፣ ሆድ የሚነፋውም ለዚህ ነው። ላዩ ላይ ስስ፣ ነጭ፣ የተሸበሸበ ሽፋን ብታዩ አትደንግጡ፤ አየር ያገኘ እርሾ ነው፣ ቶሎ ጠጡኝ ማለቱ ነው። ፀጉር ያለው፣ ባለ ቀለም ከሆነ ግን ሻጋታ ነው፤ እሱ ይደፋል።

ሁለተኛው ምልክት ድምፁ ነው። ያ እኔ ያቃጠልኩት ጥንስስ እናቴ ከጎረቤት ባመጣችው አንድ ጣሳ ድፍድፍ ዳነ። በማግስቱ ማታ ጠራችኝና ጆሮዬን ጋኑ ሆድ ላይ አስደገፈችኝ። ሽሮ ድስት ውስጥ ሲንተከተክ የሚመስል ድምፅ ነበር፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ፋታ የሌለው። በየማታው አዳመጥን። ከዚያ እየሳሳ ሄደ፤ ጢቅ፣ ዝም፣ ጢቅ። የማኅበሩ ዋዜማ ሌሊት እናቴ ብቻዋን ሄዳ ረዥም ጊዜ ቆየች። ስትመለስ ጉንጯ ላይ የጋኑ ጥላሸት ታትሞ ነበር። "ዝም ብሏል፤ ጣሳውን አምጪ" አለችኝ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)